የሰማዩ ጆሮ የያዘው ድምፅ

በአንድ ወቅት ኢዮስያስ የሚባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ አሁን የለም።

አባቱ ይሁኔ ይባላል። እናቱ አስካለ ትባላለች። የአባቱ ታላቅ ወንድም ወንድይፍራው ይባላል። ነገሩ የእነዚህ የሦስቱ ነው። ሦስቱም ልጁን ይወዱት ነበር፤ ሦስቱም በዚያ ቀን እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ይህ ከወዲሁ ይታወቅ፤ ኋላ ክርክር ሲነሣ ማንም «ይሄኛው ሰነፈ» እንዳይል።

ይሁኔና አስካለ የሚኖሩት ቆላ ውስጥ፣ በጠረፍ ወንዝ ዳር ባለ አንድ የሰሊጥ እርሻ ነበር። የወንዙ ወዲህኛው ዳር አንድ አገር ነው፣ ወዲያኛው ዳር ሌላ አገር። ይሁኔ የእርሻው የውኃ መሳቢያ ሞተር ሠራተኛ ነው። ወንዙ መሐል አንዲት የአሸዋ ደሴት አለች። በበጋ ውኃው ከጉልበት ስለማያልፍ አስካለ እዚያ ሀብሀብ ትተክላለች፤ ሀብሀቡን ከጦጣ የሚጠብቀው ኢዮስያስ ነው። ሲሄድ አንገቱ ላይ የእጅ መገናኛ ሬድዮ ያንጠለጥሉለታል። ሌላውን ሬድዮ አባቱ ይይዛል።

ወንድይፍራው የሚኖረው ከተማ ነው። ሥራው መስማት ነበር። መንግሥት ሰማይ ላይ የሰቀለው ሳተላይት አለ፤ የሚያይ ሳይሆን የሚሰማ። ደመና ከማይደርስበት ከፍታ፣ ከጠረፉ አናት ላይ፣ ኳስ ሜዳ የሚያህል ጃንጥላ ዘርግቶ ያዳምጣል። ከታች ሬድዮ የነካ ሁሉ እዚያ ይሰማል። የወንዙ ዳር ሰዎች «የሰማዩ ጆሮ» ይሉታል። የሰማውን ወደ ምድር ይልካል፤ መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ እነወንድይፍራው ማዳመጫ ጆሯቸው ላይ አድርገው ይቀበሉታል።

ከዚህ የተነሣ ጠረፍ ላይ ሰው በሬድዮ አይናገርም። አለባቸው የሚባል የእርሻው ዘበኛ አንድ ቀን ለባልንጀራው «ያን ባሩድ ይዘህልኝ ና» ብሎ ቀለደ። ባሩድ ያለው ሚጥሚጣውን ነው። ወር ሙሉ ታስሮ ሲጠየቅ ከረመ። ከዚያ ወዲህ ሁሉም የሬድዮውን ቁልፍ ይጫናል እንጂ ቃል አያወጣም። ቁልፉን ሲጫኑት በሌላው ሬድዮ ላይ ጠቅ ይላል። አንድ ጊዜ ጠቅ ካለ «ደህና ነኝ» ማለት ነው። ሁለት ጊዜ፣ «ና»። ሦስት ጊዜ፣ «መጣሁ»። ይህን ዘዴ ያወጣው ወንድይፍራው ነው፤ ለወንድሙ አስተማረው። ይሁኔ ለልጁ አስተማረ። አስካለም በየጠዋቱ ሬድዮውን ልጇ አንገት ላይ ስታስር «አፍህን እንዳትከፍት» ትለዋለች።

ለፋሲካ ወንድይፍራው ሊጠይቃቸው መጥቶ ነበር። ኢዮስያስ ከጉልበቱ ሥር አልጠፋ አለ።

«አጎቴ፣ ሲያስነጥሰኝ የሰማዩ ጆሮ ይሰማል?»

«ቁልፉን ተጭነህ ካስነጠስክ ይሰማል።»

«ታዲያ ‹ይማርህ› ይለኛል?»

«አይልህም። መስማት እንጂ መናገር አልተሰጠውም።»

«ባለጌ ነዋ» አለ ልጁ።

ሳቁ። አስካለ ቂጣዋን አስቀምጣ ሳቀች። «ጋሼ፣ ባለጌ የተባለው የእርስዎ መሥሪያ ቤት ነው» አለችው።

«ለአለቃዬ አደርሳለሁ» አለ ወንድይፍራው። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረ። «አንተ ግን እንዳትናገርበት። ጠቅ ብቻ። የተናገረ ይጻፋል።»

«የተናገረ ይጻፋል» አለ ኢዮስያስ፤ ትምህርት ቤት እንደሚያስደግሟቸው አድርጎ፣ ዜማ ሰጥቶት።

ይህ በፋሲካ ነው። ነገሩ የሆነው ግንቦት ሲያልቅ ነው።

ያን ቀን የቆላው ሰማይ ጥርት ብሎ ነበር። ደጋው ግን ዘንቦ ኖሯል። ስምንት ሰዓት ላይ ወንዙ ደራሽ ጎርፍ ይዞ መጣ። ኢዮስያስ ደሴቷ ላይ ነበር። ደሴቷ ላይ አንድ ሾላ አለ፤ ልጁ እሱ ላይ ወጣ። ከዚያ የተማረውን አደረገ። ሁለት ጊዜ ጠቅ። ቆየት ብሎ፣ ሁለት ጊዜ ጠቅ።

አባቱ ለሞተሩ ናፍጣ ሊያመጣ ከኮረብታው ማዶ ሄዷል። ኮረብታው ሬድዮ አያሳልፍም። በዚያ ሰዓት ልጁን ከሰማዩ ጆሮ በቀር የሰማው የለም።

አስካለ ውኃው ሲያገሳ ከጎጆዋ ወጥታ ወደ ዳር ሮጠች። ልጇን አየችው። እሱም አያት፤ አንድ እጁን ከቅርንጫፉ ለቆ አውለበለበላት። ውኃው ስለሚጮህ ቃል አይሰማም። እንዲያው ሲተያዩ ቆዩ። አስካለ ዋና አታውቅም። የዚያ አገር ሰው ሙላት ሲሻገር የበሬ ጭራ ይይዛል፤ በሬው እየዋኘ ያወጣዋል። ስለዚህ ፊቷን ከልጇ መልሳ ወደ በረቱ ሮጠች። ትልቁን በሬ ፈትታ አመጣች፣ ጭራውን ይዛ ገባች። በሬው ዋኘ። በሬ ግን የሚዋኘው ወደ ዳር ነው፤ ወደ መሐል አይዋኝም። ደሴቷን አሳልፎ ወዲያኛው አገር ላይ አወጣት። ተመልሳ ልትገባ ስትል የዚያ ዳር ጠባቂዎች ያዟት። ክፉዎች አልነበሩም፤ እንዳትሞት ነው የያዟት። ቋንቋቸውን አታውቅም። እጇን ወደ ሾላው ዘርግታ ጮኸች፤ ከዚያ ዳር ሲታይ ግን ሾላው ቅጠል ብቻ ነው። በሬዋ የጠፋባት መሰላቸው፤ በሬው እዚያው ቆሞ ሲያዩት ውኃው ያሳበዳት መሰላቸው። ከወንዙ አርቀው ጥላ ሥር አስቀመጧት፣ ውኃ አጠጧት። ከዚያ ወዲያ ልጇን በሕይወት አላየችውም።

ወንድይፍራው በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነበር። የጆሮው ማሽን ቃል ያለውን ከሌለው ይለያል። ቃል ያለውን ለሰው ያቀርባል። ነጎድጓድ፣ የሞተር ጩኸት፣ የተበላሸ ሬድዮ፣ ይህን ሁሉ ወደ መጣያ ይጥላል። ጠቅታም መጣያ ነው። መጣያው በየሁለት ሰዓቱ ባዶ ይደረጋል። ወንድይፍራው ሳያገላብጠው ባዶ አድርጎት አያውቅም፤ ባልደረቦቹ «የቆሻሻ ኃላፊ» ይሉት ነበር። ዐሥር ሰዓት ላይ ሲያገላብጥ የሁለት ሰዓት ጠቅታ አገኘ። ሁለት፣ ሁለት፣ ሁለት። ከየት እንደመጣ አየ። የወንድሙ ወንዝ ነው። ማዳመጫውን አጥብቆ አሁን የሚመጣውን ሰማ፤ ያው ሁለት ነው። ማዳመጫውን አውልቆ ወደ አለቃው ሮጠ።

«ጠረፉ ላይ ልጅ እየጠራ ነው። ለወዲያኞቹ ጠባቂዎች ይደወልላቸው፤ ከልጁ መቶ እርምጃ ቢርቁ ነው።»

«ምን አለ ልጁ?»

«ምንም አላለም። ጠቅ ያደርጋል።»

አለቃው ብዕሩን አስቀመጠ። «ወንድይፍራው፣ ‹ወንዛችሁ ላይ ጠቅ የሚል ሰማን› ብለን ከደወልን ወዲያኞቹ ምን ያህል እንደምንሰማ ያውቁብናል። እሱን ለመደበቅ ስንት ሰው ስንት ዓመት ለፍቷል። ቃል ቢኖረው ለበላይ ይዤ እሄዳለሁ። አንድ ቃል ስጠኝ።»

«ቃል የለውም። እንዳይናገር አስተምረነዋል።»

«ማነው ያስተማረው?»

«እኛ።»

ቢሆንም አለቃው ስልኩን አንሥቶ የበላዩን ጠየቀ። ስብሰባ ላይ ናቸው፣ ጠብቅ ተባለ። ወንድይፍራው አልጠበቀም። የምስጢር መሐላውን አፍርሶ ከግቢው ወጣ፣ ከአንድ ሱቅ ስልክ ለምኖ ለወንድሙ ደወለ። ሲመለስ በሩ ላይ መታወቂያውን ተቀሙት። ማዳመጫውን ከዚያ ወዲህ አልነካም። ሥራውንም አጣ፤ ክሱም ገና አልተዘጋም።

ኔትወርክ ያለው ኮረብታው ጫፍ ላይ ብቻ ነው። ይሁኔ ጀሪካኑን ተሸክሞ እዚያ ሲደርስ ስልኩ ጮኸ።

«ይሁኔ፣ ልጁ እየጠራህ ነው። ሁለት ሁለት። ከስምንት ሰዓት ጀምሮ።»

«የት ሆኖ?»

«ወንዙ መሐል። አሁን ሰማሁት። ሩጥ።»

ይሁኔ ሬድዮውን ከወገቡ መዘዘ። ጫፉ ላይ የሚከልል ነገር የለም። ወዲያው ሁለት ጠቅታ መጣ፤ አጠገቡ የቆመ ሰው በጥፍሩ ጥርሱን ጠቅ ያደረገ ያህል ቅርብ ነበር። ከታች ወንዙ ቀይ ሆኖ ሰፍቶ ይታየዋል። ሾላው ከሩቅ ጭብጥ አያህልም። ይሁኔ ሦስት ጊዜ ተጫነ። መጣሁ። ጀሪካኑን ጥሎ ቁልቁል ሮጠ። ትንሽ እንደወረደ የኮረብታው ትከሻ ከለለው፤ ሬድዮው ዝም አለ። እየሮጠ ሦስት ሦስት ጊዜ ይጫን ነበር። ይድረስ አይድረስ አያውቅም። ወንዙ ዳር ሲደርስ ሾላው አልነበረም።

ይሁኔ ኋላ ያሰበው ይህን ነው። ጫፉ ላይ ቢቆይ መናገር ይችል ነበር። «ቀበቶህን ፍታና ራስህን ከግንዱ ጋር እሰር» ማለት ይችል ነበር። ካልሆነም «አለሁ፣ አለሁ» እያለ እስከመጨረሻው አብሮት መቆየት ይችል ነበር። አልተናገረም። ልጁ እየሰጠመ እንኳ የአባት እጅ የለመደውን አደረገ። ቢቆይ ደግሞ ዛሬ ሰው ሁሉ «ቆሞ ያዳመጠ አባት» ይለው ነበር። ይህንንም አስቧል። አስቦ የትም አልደረሰም።

ልጁ በሦስተኛው ቀን ከታች ተገኘ። ያገኙት የወዲያኛው ዳር ጠባቂዎች ናቸው። ያን ጊዜ የእናቲቱ ጩኸት ምን እንደነበር ገባቸው። በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው እስከዚያ ቀን እነሱ ዘንድ ከቆየችው ከእናቱ ጋር ለይሁኔ አስረከቡ፤ አንዱ ጠባቂ አስካለን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ሬድዮው ከልጁ አንገት አልወረደም ነበር።

ከቀብሩ በኋላ ይሁኔ በየማለዳው ኮረብታው ላይ ይወጣል። ሬድዮውን ይከፍታል፤ «ደህና ነኝ» የምትለዋን አንዲት ጠቅታ የሚጠብቅ ይመስላል። ሞተሩን ሌላ ሰው ያስነሣለት ጀመር።

ልጁ በሞተ በሠላሳ ስምንተኛው ቀን የወንድይፍራው አለቃ መጣ። የሥራ ልብሱን አልለበሰም። እንደ ማንኛውም ለቀስተኛ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ብሎ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ። ወንድይፍራው ዐርባውን ሊውል ቀደም ብሎ መጥቷል፤ ከአለቃው ጋር አንገት ለአንገት ተሳሳሙ። አለባቸውም ነበር፤ ያ ስለ ሚጥሚጣው የታሰረው ዘበኛ። እንግዳው ማን እንደሆነ ሲነግሩት ወደ መሬት እያየ እንዲህ አለ፦

«እኔ በቅመም ስቀልድ በሩብ ሰዓት ደረሱልኝ።»

አለቃው ከኪሱ አንድ ወረቀት አወጣ።

«የወንድይፍራው ጉዳይ ስላለ የዚያን ቀን ጠቅታ አልጠፋም፤ ተቀምጧል። ከነገ ወዲያ ግን ይጠፋል፤ ደንቡ ከዐርባ ቀን አያሳልፍም። ከበላይ ለምኜ ፈቃድ አግኝቻለሁ። ለአንድ ሰው ነው፤ አንድ ሰው፣ አንድ ጊዜ። ስሙ እዚህ ይጻፋል። ገብቶ ማዳመጫውን ያደርጋል፣ እስከመጨረሻው ይሰማል፣ ይወጣል። የሰማውን ለማንም ላይናገር ይምላል።»

«ለሚስቱም?» አለ ይሁኔ።

«ለሚስቱም።»

«መጨረሻው ላይ ምን እንዳለ እርስዎ ያውቃሉ?» አለች አስካለ።

«አላውቅም እመቤቴ። አልሰማሁትም። አልደፈርኩም።»

አስካለ ነጠላዋን ሰብስባ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ የምገባ። ልጄ እያየኝ ፊቴን ያዞርኩ እኔ ነኝ። በሬ ላመጣ መሆኑን አልነገርኩትም፤ ብነግረውም አይሰማም። የመጨረሻ ያየው ጀርባዬን ነው። ትታኝ ሄደች ብሎ እንደሁ እኔ ልስማው።»

«አላለም» አለ ይሁኔ። «ጠቅ ነው የሚያደርገው።»

«ጠቅታውንም ቢሆን እናት ታውቀዋለች።»

ወንድይፍራው ጉሮሮውን ጠረገ። «እኔ ሰምቼ ያቋረጥኩ ነኝ። ዐሥራ አንድ ዓመት የማላውቀውን ሰው ሁሉ እስከመጨረሻው ሳዳምጥ ኖሬ፣ የገዛ ወንድሜን ልጅ ሳልጨርሰው ማዳመጫ አወለቅሁ። እስካሁን ሁለቱ ጠቅታ ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ አላለቀም። ልጨርሰው። ደግሞ ያን ክፍል ከእናንተ ይልቅ እኔ እችለዋለሁ።»

«ጋሼ» አለች አስካለ፤ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እናንተ ሰማይ ላይ ጆሮ ሰቅላችሁ መሬት ላይ ያለነውን አፋችንን አዘጋችሁ። ልጄ ‹እማዬ› ብሎ ቢሆን ማሽንዎ በስምንት ሰዓት ያቀርብልዎት ነበር።»

«ያቀርብልኝ ነበር» አለ ወንድይፍራው። አልተከራከረም።

ይሁኔ ወረቀቱን እያየ ነበር። «ጥሪው ለእኔ ነው» አለ። «የሰማዩን ጆሮ አልጠራም። እናቱን አልጠራም፤ እናቱን ማየት ይችል ነበር። ያን ሬድዮ ሲጫን በሌላኛው በኩል እኔ ያለሁ መስሎት ነው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ለእኔ ነው የላከው። ለእኔ የተላከውን ሌላ ሰው እንዴት ይሰማልኛል?»

«ስትሰማው ምን አልከው ታዲያ?» አለች አስካለ።

«ሦስት ጊዜ ተጫንኩ።»

«ቃል ነው የጠየቅሁህ።»

«ቃል አልተናገርኩም።»

«እንግዲያ አንተም ከማሽኑ አትለይም።»

አስካለ እጇን ሰደድ አድርጋ ከይሁኔ ትከሻ የወረደውን ጋቢ መለሰችለት። አላየችውም ግን።

ይሁኔ አንድ ነገር ደብቋል። መግባት ይፈልጋል፤ ይፈራልም። ከጫፉ ሲወርድ የተጫናቸው ሦስት ሦስቶች እዚያ ድምፅ ውስጥ አሉ። ለልጁ መድረስ አለመድረሳቸው ከልጁ መልስ ይታወቃል። እስከመጨረሻው «ና፣ ና፣ ና» ብሎ ብቻ ያለቀ ከሆነስ? ያን ሰምቶ፣ ለአስካለ ሳይናገር፣ በአንድ ጎጆ ውስጥ ስንት ዓመት ይኖራል? እሷ ሰምታው እሱን እያየች ዝም ብትለውስ? ወንድሙ ሰምቶት በየፋሲካው እየመጣ አጠገባቸው ቢቀመጥስ? ሁሉንም አዙሮ አየ፤ የትኛውም አልቀለለውም።

አለባቸው ከጥግ ሆኖ «ማንም ባይሰማውስ?» አለ።

«ስም ካልተጻፈ ከነገ ወዲያ ይጠፋል» አለ አለቃው። «ከዚያ በኋላ ሰምቶት የሚያውቅ ጆሮው ብቻ ነው። እሱ ደግሞ አይናገርም።»

ብዕሩን ከፍቶ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደረገ። ወረቀቱ ላይ ለስም የተተወችው መስመር አንዲት ናት፣ አጭር ናት። ሦስቱም አዩአት።

እንግዲህ ፍርዱ የእናንተ ነው። እናት ልጇን እያየች ነበር፤ ልታድነው ብላ ማየቱን ትታ ሮጠች። አጎት ልጁን እየሰማ ነበር፤ እሱም ሊያድነው ብሎ ማዳመጫውን አውልቆ ሮጠ፣ እንጀራውንም በዚያው ጣለ። አባት ለልጁ መልስ መስጠት ይችል ከነበረበት ቦታ ቁልቁል ሮጠ። ማናቸውም አልደረሱም። ማዳመጫው የሚገባው ለማን ነው?

ስትፈርዱ ሦስቱም የማያውቁትን እወቁ። ውኃው ቅርንጫፉ ጋ ሲደርስ ኢዮስያስ ሁለት ጊዜ መጫኑን ተወ። ያን ቀን በመጨረሻ ያደረገው ይህን ነው፤ ቁልፉን አንድ ጊዜ ተጫነ።